የተላጨው ዘንባባ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለው። ደንበኞቹ የሚጠሩት "አለቀ" ብለው ነው። ገና ግማሽ ራስ ሳይነካ "አለቀ፣ አለቀ" ስለሚል። ቸኩያለሁ ያለውንም አለቀ ይለዋል፣ አንገቴን በላኝ ያለውንም አለቀ ይለዋል። ግንባሩ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ሲቀመጥለት ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ አየት አድርጎት፣ "ኧረ እየተመለሰልህ ነው፤ ባለፈው እንዲህ አልነበረም" ይለዋል። ሰውየው እንዳልተመለሰለት ልቡ ያውቃል፣ ግን ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ወንድሜ እንዲህ ነው። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይችልም፤ እንዳይጠቁርበት ደግሞ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ክፋት የለውም። ክፋት ቢኖረውማ በስንት ጣዕሙ፤ ሰው ይጠነቀቀው ነበር።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። ቤታችን አንድ አጥር ይጋራል። የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኩበት መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው የእነሱን ጓሮ ስለሆነ፣ እዚያ የሚሆነውን ሁሉ ብፈልግም ባልፈልግም አያለሁ። ወሬ ስለምወድ አይደለም። ብርሃኑ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የጓሮው ጌታ ዘንባባው ነው። እትዬ ያሳደገችው። እትዬ የምላት የወንድሜን ሚስት ነው፤ በዕድሜም በጨዋነትም ትበልጠኛለች። ዘሩን ያመጣችው ከእናቷ ግቢ ነው፤ እዚያ ከነበረው ትልቅ ዘንባባ ሥር ለቅማ በዘይት ቆርቆሮ አበቀለችው። ከአንድ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩ አልጋውና ቁም ሳጥኑ መኪና ላይ ይጫናል፣ ቆርቆሮው ግን የሚሄደው ጭኗ ላይ ነበር። አንዷ አከራይ "ይሄ ነገር ውኃ ያበዛብኛል" ስትላት በራሷ መጠጫ ውኃ አጠጥታዋለች። የራሳቸው ግቢ ሲኖራቸው አልጋው ሳይገባ ጉድጓዱ ተቆፈረ። በኋላ የእናቷ ግቢ ለመንገድ ማስፋፊያ ሲቆረስ ትልቁ ዘንባባ ተገነደሰ። የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ግንዱ እንደ በርሜል የወፈረ፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ፣ ቅጠሉን ዙሪያውን ዘርግቶ ጓሮውን የሞላ ነበር።

ብርዱ በገባ ሰሞን የእትዬ እናት አልጋ ያዙ። አገራቸው ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እትዬ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ለባሏ ስትነግረው በመስኮቴ ሰምቻለሁ። "ሌላው ቢደርቅ ይድረቅ። እሱን ግን አደራ። ብርድ ይመጣል ሲሉህ ጆንያውን አልብሰው፣ አናቱ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰር።"

"ሂጂ፣ አታስቢ" አላት።

ቀጥሎ ያለውን ያኔ አላወቅኩም፤ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። አንድ ቀን እራት ሰዓት ላይ ደወለችለት። እግሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ የሾርባውን ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቴሌቪዥን እያየ ነበር።

"ዛሬ ውርጭ ይጥላል ብለዋል። ጆንያውን አለበስከው?"

"አልብሼዋለሁ። አለቀ።"

"አናቱንስ?"

"እንደ ሕፃን ጠቅልዬዋለሁ አልኩሽ እኮ።"

ጆንያው ዕቃ ቤት ውስጥ እንደታጠፈ ነው። ሾርባዬን ጨርሼ እወጣለሁ ብሎ ነበር፣ ይሄን አምነዋለሁ። ሾርባው አለቀ፣ ሙቀቱ ያዘው፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

በነጋታው ሣሩ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ አደረ። ዘንባባው መጀመሪያ ላይ ምንም አልሆነም፤ ቅጠሉ ብቻ ድርቅ ብሎ መስታወት መስታወት አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጫፉ ጀምሮ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ እየሆነ መጣ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ጠራሁት።

"ወንድም ጋሼ፣ ዘንባባውን ውርጭ መታው እኮ። እትዬ ታውቃለች?"

"ነግሬያታለሁ።"

"ምን አለች?"

"ምንም አትል። ይድናል አለች።"

አመንኩት። ለምን አላምነውም? ወንድሜ ነው።

የዘንባባ ነገር የሚያውቅ ሰው አንድ ነበር፣ እሷም ሚስቱ። እሷን እንዳይጠይቅ "አልብሼዋለሁ" ብሏል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠየቀ። ፀጉር ቤት ደግሞ ምክር ሞልቷል። አንዱ ለብ ያለ ውኃ አናቱ ላይ አፍስስበት አለ፤ አፈሰሰ። ሌላው ማዳበሪያ አብዛለት አለ፤ አበዛ። ጡረታ የወጣ አንድ ሾፌር ከወንበሩ ላይ አረፋ በአገጩ እንደሞላ፣ "አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ፣ ሲላጭ ወፍሮ ይበቅላል የምትለን? ላጨው" አለው።

ይሄን ሾፌሩ ከየት አመጣው? ከእሱ ነዋ። ስንት ዘመን ፀጉራቸው የሳሳ ሕፃናት ይዘው የሚመጡ እናቶችን "ይላጭ፣ ወፍሮ ይመጣል" እያለ ሲያጽናና የኖረው ወንድሜ ነው። ውሸት እንደሆነ ያውቃል። ያን ቀን ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው እውነት መሰለው። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ጓሮው ከመንገዱ በብረት አጥር ብቻ ነው የሚለየው። አላፊ አግዳሚው እያየ "ምን ነካው?" ይለዋል። አፈረ። በዛገው የአጥር መቀስ ቅጠሉን ሁሉ ከሥሩ ከረከመው። ሲጨርስ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ዞር ዞር ብሎ ዳር ዳሩን አስተካከለው። እኔ በመስኮቱ እያየሁ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። መሃሉ ላይ ያልተፈታ አንድ ለጋ ቅጠል ብቻ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ቀረ።

ያ የደረቀ ቅጠል የማያምር ይሁን እንጂ ለመሃሉ ልብስ ነበር። ሁለተኛው ውርጭ ሲመጣ ጆንያም የለ፣ ቅጠልም የለ። በቀጥታ ልቡ ላይ ወረደ።

አንድ ጠዋት ያን ለጋ ቅጠል ነካ ቢያደርገው እጁ ላይ መጣ። ከጭቃ ውስጥ እንደሚወጣ ነገር ዝም ብሎ ሾልኮ ወጣ። ሥሩ በስብሷል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ነበረበት? ስልኩን አንስቶ "እንዲህ ሆነ" ማለት። ወንድሜ ምን አደረገ? ከሱቁ ጥጥ አምጥቶ ሥሩን ጠቅልሎ መልሶ ሰካው። ቀጥ ብሎ እንዲቆም። ከእኔ መስኮት ሲታይ ደህና ይመስል ነበር። ውኃ ሲያጠጣውም አየው ነበር፤ የበሰበሰውን ከነጥጡ።

ስልኩ ደግሞ አላረፈም። "እማዬ ፎቶ ላክልኝ ትላለች፤ ዘንባባውን ልየው አለች" አለችው እትዬ። የአምናውን ፎቶ ላከላት፣ ቅጠሉ ጓሮውን ሞልቶ የነበረ ጊዜ የተነሳውን። እናቷ ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ "ከእናቱ ይልቅ እሱ አማረበት" አሉ አሉ። ደስ አላቸው። ስለዚህ በሌላ ቀንም ጠየቁ፤ በሌላ ቀን ሌላ የአምና ፎቶ ላከ። እትዬም "ዛሬ እንዲህ ሆኖ ዋለ፣ እማዬ" እያለች አሳየቻቸው። ከዚያ አረፉ።

ወንድሜ ለቀብሩ ሄደ። እኔ እግሬን ወለም ብሎኝ ቀረሁ። እዚያ ዘመዱ ሁሉ እየመጣ እጁን እየጨበጠ ሲያመሰግነው ዋለ አሉ። "የላክህላቸው ፎቶ ነው ያቆያቸው፣ ተባረክ" አሉት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እኔ ሞኟ ለአማቱ ያዘነ መስሎኝ ሳጽናናው አመሸሁ።

እትዬ የእናቷን ዕቃ አዘጋጅታ ትንሽ ዘግይታ መጣች። ቤቱን ጠርጌ፣ ወንበር ደርድሬ ጠበቅኳት። ጥቁር ለብሳ ገባች፤ ሳመችኝ፤ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተከተልናት።

ቆመች። የተላጨውን ጉቶ አየች።

"ምን ሆነ?"

"ሰሞኑን ትንሽ ብርድ ነካክቶት… ከረከምኩት" አላት። "መሃሉ ደህና ነው።"

ሰሞኑን ሲል ጆሮዬ ቆመ። ነግሬያታለሁ ብሎኝ አልነበር? ለመናገር አፌን ስከፍት እትዬ ቀደመችኝ። ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተጠጋች። "መሃሉ ካለማ ይተርፋል" አለች ለራሷ፤ ለመዳበስ ያህል እጇን ወደ ለጋው ቅጠል ሰደደች። ቅጠሉ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

"ነቀልኩት" አለች። "እኔ ነቀልኩት።"

እንባዋ መጣ። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ወጥቶላት አላለቀሰችም ነበር አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ግንዱን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። እኔ ከቅጠሉ ሥር የተጣበቀውን ነጭ ነገር አየሁ። ጥጥ። የሱቁ ጥጥ። ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት፣ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አልተናገረም።

ወዲያው ሊያጽናኗት ጎረቤቶች መግባት ጀመሩ። እትዬ ለሚገባው ሁሉ፣ ስለ እናቷ ሲጠይቋት፣ "የእማዬን ዘንባባ ደግሞ ዛሬ በገዛ እጄ ገደልኩት" ትላለች። አንዷ "አይዞሽ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ምን ታደርጊ" ትላታለች። ሌላዋ "ቅጠል ነው፣ ይተካል" ትላታለች። እሱ ወንበር ያቀብላል። ሻይ ያዞራል። አንዱ ጎረቤት "አንተ እንኳን ስትንከባከበው ነበር" ሲለው አንገቱን ነቀነቀ። ነቀነቀ እኮ። ደሜ ፈላ። በክንዱ ይዤ ወጥ ቤት አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ።

"ጥጡን አይቻለሁ" አልኩት።

ወደ ተዘጋው በር አየ።

"አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ?"

"ነገ እነግራታለሁ። ዛሬ ሰው አለ።"

"ሰው ፊት ገዳይ ነኝ እያለች እኮ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ያንተን ጥፋት ተሸክማ።"

"ይሄን ብነግራት ፎቶውን ትጠይቀኛለች።"

"የምን ፎቶ?"

እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ሁሉን የሰማሁት። ጆንያውን፣ ሾርባውን፣ የአምናውን ፎቶ፣ ቀብር ላይ የተቀበለውን ምርቃት። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። አንድ ማኅፀን ያፈራን ስለሆንን ይሁን ምን አላውቅም፣ ሐፍረቱ እኔንም ፊቴን አጋለው። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ተማሪ ቆሟል። ጢሙ የሸበተ ሰው። ብዙ ክፉ ነገር ተናገርኩት፤ እዚህ አልደግመውም።

"ሰው ሲወጣ" አለኝ በመጨረሻ።

ሰው ወጣ። እትዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እሱ የተሰበሰበ ብርጭቆ የሞላ ትሪ በእጁ ይዞ፣ ትሪውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ መሃል ወለሉ ላይ ቆመ።

"አንቺ አይደለሽም" አላት። "ቀድሞ ተነቅሎ ነበር። እኔ ነኝ መልሼ የሰካሁት።"

ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም። የምትጮህ ሴት አይደለችም።

"ጆንያውስ?"

"አላለበስኩትም።"

"ያን ማታ?"

"ያን ማታም፣ ከዚያ በኋላም።"

ተነስቼ ትሪውን ልቀበለው አሰብኩ፤ ግን ተውኩት፣ ይሸከመው አልኩ።

"ለእማዬ ያሳየኋት ፎቶ?"

"የአምናው ነው።" ከዚያ ደግሞ፣ እዚህ ላይ አፉን ብይዘው ደስ ባለኝ፣ "ደስ ብሏቸው ይሂዱ ብዬ ነው" አላት።

እትዬ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች።

"እሷስ ደስ ብሏት ሄደች" አለች። "ግን ዛሬ እንዲህ ሆኖ ዋለ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እናቴን በመጨረሻ ቀኗ በእኔ አፍ ዋሸሃት።"

ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩን በኃይል አልዘጋችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ወንድሜ ትሪውን ይዞ እዚያው ቆመ። እኔም ደህና እደር ሳልለው ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ጓሮ ነበሩ። እትዬ ያረጀ ቀሚስ ለብሳ ጓንት አጥልቃለች። ጥጡን ጎትታ አወጣች፣ የበሰበሰውን በማንኪያ ጠረገች፤ ጠንካራውና ነጩ ሥጋ እስኪደርስ። ከዚያ መቀሱን አንስታ ገለበጠችው።

"ሱቅህ ውስጥ መሣሪያህን በአልኮል ሳትጠርግ ሰው ትነካለህ?"

"አልነካም።"

"ይሄንንስ በምን ጠርገህ ነበር?"

ሄዶ አልኮሉን አመጣና ስለቱን ጠረገ፤ ሁለተኛም ጠረገ። ከችግኝ መሸጫ የገዛችውን ሰማያዊ የሻጋታ መድኃኒት አናቱ ውስጥ አፈሰሰች፤ ሲቆይ የተረፈውን በጨርቅ መጥጣ አወጣች። ዝናብ እንዳይገባበት፣ ነፋስ ግን እንዲያገኘው፣ አራት እንጨት ተክላ የፕላስቲክ ሳፋ ደፋችበት። "አናቱ ላይ ጠብታ ውኃ እንዳይነካው" አለችው። "ይድረቅ። ልቡ ካለ እናያለን።" እንግዲህ ሕክምናው ይሄው ነው። አለመጠቅለል፣ አለመደበቅ፣ ክፍት አድርጎ መጠበቅ። ቀድሞ ቢነግራት ያን ቀን በስልክ ትነግረው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ብናገር ለወንድሜ አዝኜለት ነው። እትዬ አልሰደበችውም፣ ምግቡን አልከለከለችውም፣ ታናግረዋለች። ግን "ሳፋውን አስሬዋለሁ" ሲላት ትወጣና ገመዱን ጎተት አድርጋ ታያለች። "በሩን ዘግቻለሁ" ሲላት ተነስታ መቀርቀሪያውን ትነካለች። ተንኮል የለበትም፤ እጇ ብቻ እምቢ አላት። እሱ ስትወጣና ስትገባ እያየ ይቀመጣል። አንድም ቀን "ዘጋሁ አልኩሽ እኮ" ሲል አልሰማሁም። በምን አፉ?

ሱቁ ውስጥም አለቀ ማለት ተወ አሉኝ። ያ ግንባሩ የሸሸው ደንበኛ ተቀምጦ እንደ ወትሮው "ምን ይመስልሃል፣ አልተመለሰም?" ቢለው፣ ማበጠሪያውን ይዞ ትንሽ አሰበና "አልተመለሰም" አለው። ሰውየው ተቀይሞ ሌላ ፀጉር ቤት ገባ። ይሄን ስሰማ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ብርዱ አለፈ፣ ሙቀቱ ገባ። ዘንባባው ምንም የለም። ሰዎች ንቀሉት አሉ፤ እትዬ አላስነቀለችውም። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሳፋውን ቀና አድርጎ ሥሩን ያያል፣ መልሶ ይደፋዋል። ስመለከተው ካየ ጉሮሮውን ጠርጎ ይሄዳል።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ በመስኮቱ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ነይ እይልኝ" አለኝ።

ሄድኩ። ሳፋውን አነሳው። ከመሃሉ፣ ያ ሁሉ ብስባሽ ከነበረበት፣ ጣት የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ጫፏ ቆራጣ ነው፣ መቀስ የበላው ይመስላል። ውርጩ ገና በውስጥ ሳለች ስላገኛት ነው። ግን ነካ ነካ ሳደርጋት አልነቃነቅ አለች፣ ሥር ይዛለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ተርፏል እኮ" አልኩት።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ጨነቀው እንጂ ደስ አላለውም።

"አንቺ ንገሪያት" አለኝ።

"ለምን እኔ? አንተ አይደለህ ያገኘኸው?"

"እኔ ብነግራት…" ብሎ ተወው።

"በል ና" አልኩት። "ራስህ ትነግራታለህ። እኔ ከኋላህ ነኝ።"

ወጥ ቤት ገባን። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፋለች። ወንድሜ በሩ ላይ ቆመ።

"ዘንባባው አውጥቷል" አላት። "መሃሉ ላይ። አረንጓዴ ነው።"

ቢላዋው ቆመ። እትዬ ዞር አለች፤ የዞረችው ግን ወደ እሱ አይደለም። በትከሻው በኩል እኔን አየችኝ።

"እውነቱን ነው?" አለችኝ።

እሱ እዚያው መካከላችን ቆሟል።

"እውነቱን ነው" አልኳት።

እጇን ሳትታጠብ ወጣች። ወንድሜ እንድታልፍ ገለል አለላት፤ ተከትሏት ግን አልወጣም። ቢላዋውን አንስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የተረፈውን ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ።